“መደበኛ ዝናብ” ሲባል አርሶ አደሩ ምን ይሰማል?

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ሌት ተቀን ሰማዩን ይለካሉ። ነፋሱ ከየት አቅጣጫና በምን ፍጥነት እንደሚነፍስ፣ ዓይን ምን ያህል ርቀት አጥርቶ እንደሚያይ፣ ደመናው በምን ከፍታ ላይ እንዳለ፣ የሙቀት መጠኑና የአየር ግፊቱ ስንት እንደሆነ በአንድ አጭር መስመር ይጻፍና ለአብራሪዎችና ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ይተላለፋል። መስመሩ ለማያውቀው ሰው የፊደላትና የቁጥሮች ዝርግፍ ነው። ለምሳሌ አራት ጊዜ ተከታትሎ የሚጻፈው የ9 ቁጥር ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ተብሎ አይነበብም፤ እይታው 10 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። ከናይሮቢ የተነሣውም ሆነ ከፍራንክፈርት የመጣው አብራሪ ይህን ሲያነብ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ያሰበውን።

የዚሁ ሙያ ሌላው ውጤት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። የክረምት ወቅት የዝናብ ትንበያ ነው። “ከመደበኛ በላይ”፣ “መደበኛ”፣ “ከመደበኛ በታች” የሚሉ ቃላት ይዟል። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ በሬዲዮ ሲነበቡ ሁሉም ሰው የገባው ይመስለዋል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የአብራሪውን መስመር ያልተማረ ሰው በግምት ሊተረጉመው አይሞክርም። “መደበኛ” ግን የሁሉም ቃል ስለሆነ ባለሙያው የራሱን፣ አርሶ አደሩም የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። በሁለቱ ትርጉሞች ልዩነት የሚባክነው ዘር፣ ማዳበሪያና የአንድ ዓመት ድካም ነው።

ልዩነቱ የታሪክ ሥርም አለው። ሚቲዎሮሎጂ በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 201 ነው። ከዚያ በፊት ሥራው በሲቪል አቪዬሽን ሥር የነበረ ሲሆን ዋና ደንበኛውም በረራ ነበር። ለአርሶ አደሩ ትርጉም ያለው የወቅት ትንበያ መውጣት የጀመረው ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ይኸው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ያገለግላል። ከአብራሪው ጋር ለረጅም ዘመን የተነጋገረበት፣ ዓለም በሙሉ የተስማማበት ቋንቋ አለው። ከአርሶ አደሩ ጋር ያለው ቋንቋ ግን ገና በመሠራት ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ባለሙያው “መደበኛ” ሲል ምን ማለቱ ነው? በመጀመሪያ የአንድን አካባቢ የሠላሳ ዓመት የክረምት ዝናብ መዝገብ ያወጣል። ሠላሳዎቹን ክረምቶች ዝናብ ካነሰበት ጀምሮ እስከ በዛበት ድረስ በቅደም ተከተል ይደረድርና በሦስት እኩል ቦታ ይከፍላቸዋል። ደረቅ የነበሩት አሥሩ “ከመደበኛ በታች”፣ መካከለኞቹ አሥሩ “መደበኛ”፣ እርጥብ የነበሩት አሥሩ “ከመደበኛ በላይ” የሚለውን ስም ያገኛሉ። ስሌቱ ይኸው ነው፤ ከባድ አይደለም። በሬዲዮ ዜና ውስጥ ግን ይህን ማብራሪያ መስማት የተለመደ አይደለም።

በዚህ ስሌት “መደበኛ” ማለት “ጥሩ” ማለት አይደለም። “በቂ” ማለትም አይደለም። ለዚያ ቦታ የተለመደው ማለት ብቻ ነው። የሰቆጣ መደበኛ ከእንጅባራ መደበኛ ጋር በስም ይገጥማል እንጂ በውኃ መጠን አይቀራረብም። በዋግ ኽምራ ቆላማ ቀበሌዎች ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ የማሽላ ዝርያ በመደበኛ ክረምትም ፍሬ ሳይቋጥር ሊቀር ይችላል። በአዊ ደጋማ ቦታዎች ደግሞ መደበኛው ክረምት ራሱ ውኃ ማሳ ላይ ሊያስተኛ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱ ዞኖች ያሉ ሁለት አርሶ አደሮች ያንኑ ቃል ከአንድ ሬዲዮ ሰምተው ተቃራኒ ዝግጅት ማድረግ ይኖርባቸዋል፤ አንዱ ውኃ ለመያዝ፣ ሌላው ውኃ ለማጠንፈፍ።

ሁለተኛው የመምታቻ ምክንያት የወቅት ትንበያው የሚናገረው ስለ ጠቅላላ መጠን መሆኑ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የወረደው ውኃ ሁሉ ተደምሮ ስንት ይሆናል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። አርሶ አደሩ ግን ድምሩን አይዘራም። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ዝናቡ መቼ ይገባል? ገብቶስ ይቋረጣል ወይ? መቼ ይወጣል? ክረምቱ በድምሩ “መደበኛ” ሆኖ ሳለ ሰኔን ሙሉ ደርቆ ሐምሌና ነሐሴን ያለ ፋታ ሊዘንብ ይችላል። መዝገቡ ላይ ደህና ዓመት ተብሎ ይሰፍራል፤ በሰኔ የተዘራው በቆሎ ግን ከመሬት ሳይወጣ ቀርቷል፣ ጥቁር አፈሩም ጭቃ ሆኖ ጤፍ በጊዜው አልተዘራበትም። እንዲህ ያለ ዓመት ያየ አርሶ አደር ትንበያውን “ውሸት” ቢለው አይፈረድበትም። ባለሙያውም “ትክክል ነበርኩ” ቢል እንዲሁ። ሁለቱም ስለተለያየ ነገር እየተናገሩ ነው።

የዝናብ መግባት የሚባለው ራሱ ስምምነት ይፈልጋል። ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት መስፈርት በተከታታይ ሦስት ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ መውረዱንና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ዝናቡ ለረጅም ጊዜ የሚቋረጥበት ደረቅ ወቅት አለመከተሉን ይመለከታል። መስፈርቱ ውስጥ ያለው ብልኃት ከመጀመሪያው ይልቅ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። በግንቦት መጨረሻ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ አርሶ አደሩን ካስወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ፣ ያ ዝናብ ገባ አይባልም፤ አታላይ ዝናብ ነው። ዘሩን የሚበላውም እሱ ነው።

20 ሚሊ ሜትር ስንት ነው? ይህም ሳይተረጎም የሚያልፍ ቁጥር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው ብለን ብንነሣ፣ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዚያ ጥማድ ላይ 50,000 ሊትር ውኃ አወረደ ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 2,500 ጀሪካን። ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳ ቤተሰብ ይህ ቁጥር ከሚሊ ሜትሩ ይልቅ ይናገራል።

ሦስተኛውና ትልቁ ጉዳይ ዕድል ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሀገራት የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየወቅቱ መግቢያ በጋራ እየተገናኙ ትንበያ ያወጣሉ፤ ትንበያውም ሦስት ቁጥሮችን ይዞ ይወጣል። ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ መደበኛ የመሆን ዕድሉ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 20 በመቶ ነው ተባለ እንበል። ይህ መልእክት ወደ ዜና ሲቀየር ብዙ ጊዜ “በመጪው ክረምት ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይኖራል” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ከሦስቱ ቁጥሮች ሁለቱ ወደቁ። የወደቀው ደግሞ ትርፍ ነገር አልነበረም።

ቁጥሮቹ የሚሉት እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ትንበያ የወጣባቸው አሥር ክረምቶች ቢኖሩ፣ በአራቱ ወይም በአምስቱ ዝናቡ ይበዛል፤ በሁለቱ ግን ያንሳል። ምንም ትንበያ ባይኖር ኖሮ የእያንዳንዱ ዕድል ከሦስት አንድ፣ ማለትም 33 በመቶ ገደማ ነበር። ስለዚህ 45 በመቶ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ትንሽ አዘነበለው እንጂ አልጣለውም። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ማሳን በሙሉ ዘግይቶ በሚደርስ ዝርያ መሸፈን ወይም ለሽንብራ የታሰበውን መሬት መተው አይመከርም። አብዛኛውን መሬት ለሚጠበቀው፣ የተወሰነውን ፈጥኖ ለሚደርስ ዘር፣ ጎተራው ውስጥም ዳግም ለመዝራት የሚሆን ጥቂት እፍኝ ማስቀረት የሚያስችል ትንበያ ነው። ገበሬው ይህን ብልኃት ከትንበያ በፊትም ያውቀዋል። “ይኖራል” ተብሎ በእርግጠኝነት ሲነገረው ግን የራሱን ጥንቃቄ ይተው ዘንድ ተመከረ ማለት ነው።

ይህ ስጋት በሌላ ሀገር በተግባር ታይቷል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ኃይለኛ ኤልኒኖ መከሰቱ ሲታወቅ በደቡባዊ አፍሪካ ከመደበኛ በታች ዝናብ የመኖሩ ዕድል ከፍ ማለቱ ተተነበየ። ዚምባብዌ ውስጥ መልእክቱ እየተቀባበለ ሲሄድ ዕድልነቱ ቀርቶ “ድርቅ ይመጣል” የሚል ዜና ሆነ። አበዳሪዎች ለገበሬዎች የሚሰጡትን ብድር ቆጠቡ፤ ብዙዎችም የሚዘሩትን መሬት ቀነሱ። ክረምቱ ሲመጣ በብዙ ቦታ ያን ያህል መጥፎ አልነበረም። ዝናብ እየዘነበ ምርት ቀነሰ። ትንበያው በራሱ አልተሳሳተም፤ ተቆርጦ መተላለፉ ነው ጉዳት ያደረሰው።

በኢትዮጵያም “ኤልኒኖ” የሚለው ቃል ድርቅ ከሚለው ጋር ተጣብቋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2007 ዓ.ም ክረምት በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ዝናቡ ሲከዳ የአስቸኳይ ምግብ ድጋፍ ፈላጊዎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ነገር ግን ኤልኒኖ የሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ መሞቅ ስም እንጂ የድርቅ ስም አይደለም። በክረምት የሰሜኑን ዝናብ የማሳነስ ጠባይ አለው፤ በበጋ ደግሞ የደቡብና የደቡብ ምሥራቁን ዝናብ የማብዛት። በ2015 ዓ.ም ክረምት ዋግ ኽምራና ሰሜን ጎንደርን ጨምሮ በሰሜኑ ክፍል ሰብል በዝናብ እጥረት ሲጠፋ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በ2016 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር የሶማሌ ክልል ነዋሪዎች በጎርፍ ተፈናቀሉ። ያው አንድ ኤልኒኖ ነው። “ኤልኒኖ መጣ” የሚለው ዜና ለበለሳ ገበሬና ለጎዴ አርብቶ አደር አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ሊሆን አይችልም።

ከቃላት ባልተናነሰ የቀን አቆጣጠር ይጎዳል። የሚቲዎሮሎጂ መረጃ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይሠራል፤ ወሩንም በአሥር በአሥር ቀን ይከፍላል። “ጁላይ” የሚለው ቃል “ሐምሌ” ተብሎ ሲተረጎም ትክክል ይመስላል። ጁላይ 1 ግን ሐምሌ 1 አይደለም፤ ሰኔ 24 ነው። “ከጁላይ 1 እስከ 10 ከባድ ዝናብ ይጠበቃል” የሚለው መልእክት “ከሐምሌ 1 እስከ 10” ሆኖ ከተላለፈ አንድ ሳምንት ዘገየ። ዩሪያውን ሰኔ 27 የበተነ አርሶ አደር ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ጊዜ አለኝ ብሎ ነበር፤ ናይትሮጂኑ ግን ከጎርፉ ጋር ሄዷል። የክረምቱ መነሻ ተብሎ የሚወሰደው ጁን 1ም በእኛ ግንቦት 24 ነው። በሰዓትም እንዲሁ ነው። የአየር ሁኔታ መዛግብት በዓለም አቀፉ ሰዓት 6 የሚሉት ጊዜ፣ በብዙ ቢሮዎች ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት 9 ይለዋል፤ ገበሬው ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይለዋል። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው።

አብራሪዎች ዘንድ ይህ ዓይነት መደናገር በዋዛ አልተወገደም፤ በሕይወት የተከፈለበት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የአንደኛው አብራሪ ንግግር ነው፤ እሱ እየተነሣ መሆኑን ለመግለጽ የተናገረውን ተቆጣጣሪው ለመነሣት ቆሞ እየጠበቀ ነው ብሎ ተረዳው። ከዚያ በኋላ የበረራ ንግግር ሕግ ጠበቀ። “መነሣት” የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በንግግር መሐል እንዳይነሣ ተደረገ። ተቆጣጣሪው ለአብራሪው የሰጠውን ወሳኝ ትእዛዝ አብራሪው መልሶ በቃሉ እንዲናገር፣ ተቆጣጣሪውም እንዲያዳምጠው ያስገድዳል። ዛሬ ቦሌ ላይ የሚነሣና የሚያርፍ አውሮፕላን ሁሉ በዚህ ሕግ ይሄዳል። “ሰምቻለሁ” ማለት አይበቃም፤ ምን እንደሰማ ይናገራል።

ለበረራ በሚወጣ ትንበያ ውስጥ ዕድል የሚገለጽበት መንገድም ትምህርት አለው። በቁጥር የሚጻፉት ሁለት ዕድሎች ብቻ ናቸው፤ 30 በመቶና 40 በመቶ። ከ30 በታች የሆነው ለውሳኔ የሚበቃ አይደለም ተብሎ አይጻፍም። 50 እና ከዚያ በላይ የደረሰው ደግሞ በዕድል ሳይሆን እንደሚጠበቅ ሁኔታ ይጻፋል። አብራሪው 40ን ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ተጨማሪ ነዳጅ ይይዛል፣ ሌላ ማረፊያም ያስባል። እያንዳንዱ ቁጥር ከአንድ ውሳኔ ጋር የተቆራኘ ነው። ሙቀቱ እንኳ ለወሬ ማድመቂያ አይነገረውም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ሲሞቅ ይብሱኑ ይሳሳል፣ አውሮፕላኑም ሊያነሣ የሚችለው ጭነት ይቀንሳል።

የአርሶ አደሩ መልእክት እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ከአዲስ አበባ የወጣው ትንበያ ወደ ክልል ግብርና ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወደ ወረዳ፣ በመጨረሻም ወደ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ይወርዳል። በየደረጃው አንድ ሰው ያሳጥረዋል። ካርታው ይቀራል፣ ቁጥሮቹ ይቀራሉ፣ “እንደየአካባቢው ሁኔታ” የሚለው ይቀራል። በስብሰባ ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ “ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው ተብሏል” የሚለው ብቻ ነው። ማን አለ? መቼ አለ? ለየት ቦታ አለ? ሰሚው የሚጠይቅበት፣ የሰማውን መልሶ የሚናገርበት ቦታም የለም። አጨብጭቦ ይበተናል።

ከተሜውም ከዚህ አያመልጥም። “ነገ በአዲስ አበባ ዝናብ ይኖራል” ሲባል ከተማዋ አንድ ጓሮ አይደለችም። እንጦጦ ሥር በረዶ ቀላቅሎ ሲጥል የቦሌው መለኪያ ደረቅ ሆኖ ሊያድር ይችላል። በቦሌ አራብሳ ከኮንዶሚኒየሞቹ ባሻገር ያለ ማሳ ላይ የሚያጭድ ሰው እና በመገናኛ መንገድ ዳር የሚነግድ ሰው የሚፈልጉት ትንበያ የተለያየ ነው። ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ያልዘነበበት ሰው ያጣው ነገር የለም፤ የታጨደ ጤፍ ሳይከመር ዝናብ የመጣበት ግን እንጀራውን ያጣል። የስህተቱ ዋጋ የተለያየ ለሆነ ሰሚ አንድ ዓይነት ንግግር አይበቃም።

በጎ ጅምሮች አሉ። በምሥራቅ አዲስ አበባ ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ የሚሠራው የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ጽሕፈት ቤት፣ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና አጋሮቻቸው ያቋቋሙት የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አንዱ ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ቢጫ ዋግ የሀገሪቱን ሰፊ የስንዴ ማሳ ካወደመ ወዲህ የተገኘ ልምድ ነው። የዋግ ዘር በነፋስ ስለሚጓዝ ነፋሱና እርጥበቱ ሲተነበይ በሽታው የት ሊያርፍ እንደሚችል ይገመታል። ማስጠንቀቂያው ለግብርና ባለሙያዎች ሲደርስ “የዋግ ስጋት አለ” ብሎ አያበቃም፤ ማሳ ወጥቶ ማየት፣ ከታየም ፈጥኖ መርጨት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ከአብራሪው መልእክት ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው። ለሚደረግ ነገር የተነገረ ነው።

ሌላው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 ሥራ የጀመረው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር ነው። አርሶ አደሩ ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ የሚፈልገውን ሰብል ቁጥር ይጫናል፣ የተቀዳ ምክር ያዳምጣል። ሥራ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ የጥሪው ብዛት በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ይጠቀምበታል፤ ያልገባው ደግሞ ደግሞ ያዳምጣል። የሚጎድለው ግን አለ፤ የተቀዳ ድምፅ “ምን ተረዳህ?” ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ ቀድማ የጠየቀችው ማሊ ናት። ሀገሪቱ ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባካሄደችው መርሐ ግብር የሚቲዎሮሎጂ፣ የግብርናና የሬዲዮ ባለሙያዎች በአንድ ቡድን እየተሰበሰቡ ምክሩን ያዘጋጁ ነበር። ለገበሬዎችም የዝናብ መለኪያ ተሰጣቸው። ገበሬው በራሱ ማሳ የወረደውን ይለካል፤ የትኛው ሰብል በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚዘራ ከሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ ይወስናል። ሚሊ ሜትር የባለሙያ ቃል መሆኑ ቀርቶ የገበሬውም ሆነ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቃል አንድ ነገር ማለት የቻሉት በዚህ መንገድ ነው።

እንዲህ ያለ መለኪያ በቤትም ሊሠራ ይችላል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ያለው፣ አፉ ያልጠበበ ጣሳ ይበቃል። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ባለ ገላጣ ቦታ፣ እንዳይወድቅ ከእንጨት ጋር ታስሮ ይቀመጣል። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመው ውኃ ጥልቀት በተማሪ ማስመሪያ ይለካል፤ ማስመሪያው ላይ ያሉት ትናንሽ ጭረቶች ሚሊ ሜትር ናቸው። ማስመሪያው ዜሮው ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ያንን መደመር ያስፈልጋል። ተለክቶ ሲያበቃ ውኃው ይደፋል፤ ቁጥሩ በልጆች ደብተር ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፋል። ሦስት ቀን ተደምሮ 20 ከሞላ፣ አፈሩም ተቆፍሮ ሲታይ እርጥበቱ ወደ ታች ከዘለቀ፣ ቀጥሎ የሚያስፈልገው የመጪዎቹ አሥር ቀናት ትንበያ ነው። የወቅቱ ትንበያ የሚጠቅመው ዘር ለመምረጥ ነበር፤ ለመዝራት የሚጠቅመው ይህ አጭሩ ነው። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ዘር አስበልቷል።

የቀበሌ የግብርና ባለሙያው ትንበያ ይዞ ሲመጣ ሊጠየቅ የሚገባውም ረጅም ዝርዝር አይደለም። ትንበያው የስንት ቀን ወይም የስንት ወር ነው? ቀኖቹ በየትኛው አቆጣጠር ናቸው? “መደበኛ” የተባለው በዚህ ወረዳ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የቀሩት ሁለቱ ዕድሎች ስንት ስንት ናቸው? ባለሙያው መልሱን ባያውቅ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ወረዳው ሊጠይቅለት ይገባል። ባለሙያው በበኩሉ ከመበተኑ በፊት ከተሰብሳቢው ሁለት ወይም ሦስት ሰው አስነሥቶ “እርስዎ ይህን ሰምተው ሰኞ ምን ያደርጋሉ?” ብሎ ቢጠይቅ፣ አብራሪና ተቆጣጣሪ የሚያደርጉትን አደረገ ማለት ነው። አንዱ “በቆሎ እዘራለሁ”፣ ሌላው “እቆያለሁ” ካለ መልእክቱ ገና አልደረሰም።

ከክረምቱ ትንበያ በኋላ የሚወጣው የበጋው ነው። ብዙ ሰው በጋ ደረቅ ነው ብሎ ጆሮ አይሰጠውም። ይሁንና ጤፍና ስንዴ በኅዳርና በታኅሣሥ ማሳ ላይ ታጭደው ባሉበት ወቅት የሚመጣ ያልተጠበቀ ዝናብ የሚገለጸው በዚሁ ትንበያና በአሥር ቀናቱ መግለጫዎች ነው። በበጋ “ከመደበኛ በላይ ዝናብ” ሲባል መደበኛው ራሱ በጣም ጥቂት መሆኑ መታወስ አለበት፤ በሰሜኑ አካባቢ ሁለት ቀን የዘነበ ካፊያም ከመደበኛ በላይ ሊያሰኝ ይችላል። ለከመረ ሰው ምንም አይደለም። ነዶው ሜዳ ላይ ላለ ሰው ግን ያች ካፊያ በቂ ናት።